እንዴት ነበር የሚቀመጡት?

በቅድሚያ የነገረኝ ጆሮዬ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ያህል ሆኖታል፤ ዘንባባ በተተከለበት የባሕር ዳር ጎዳና ዳር ዳሩን ይዤ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ የሚመስል ድምፅ ሰማሁና ዞር ብዬ ባይ ማንም አልነበረም። ድምፁ የገዛ ቀኝ እግሬ ነበር። ተረከዜ መሬት ከነካ በኋላ የፊተኛው የእግሬ ክፍል ቀስ ብሎ በመውረድ ፈንታ ጧ ብሎ አስፋልቱን ይመታል። በዚያው ቀን ማታ ነጠላ ጫማዬ ከቀኝ እግሬ እየሾለከ ሲያስቸግረኝ ጫማው ያረጀ መስሎኝ በማግሥቱ አዲስ ገዛሁ፤ አዲሱም ሾለከ። ደረጃ ስወጣ አውራ ጣቴ የደረጃውን ጠርዝ እየመታ ያደናቅፈኝ ስለ ጀመር፣ ሳላስበው ጉልበቴን ከፍ አድርጌ፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው፣ እግሬን እያነሣሁ መጣል ለመድሁ።

ሕመም ስላልነበረው ቸል አልሁት። ያልታገሠችው ባለቤቴ ናት። የጎረቤታችንን አባት ስትሮክ ሲጥላቸው በዐይኗ ያየች ስለሆነች፣ አንድ ማታ መብራቱ ሥር አቁማ ፈገግ እንድል፣ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ እንድይዝ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም አጥርቼ እንድናገር አዘዘችኝ። ፊቴም አልተጣመመም፣ እጄም አልወረደም፣ አንደበቴም አልተያዘም። ያኔ እኔ ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጥሬው ነበር፤ በኋላ ግን በዚያ ሰሞን ከተደረጉልኝ ምርመራዎች የመጀመሪያው ትክክለኛ ምርመራ እሱ እንደ ነበር ተረድቻለሁ።

በዚያ ሳምንት ስለ እግሬ አስተያየት ያልሰጠ ዘመድና የሥራ ባልደረባ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ብርድ መትቶታል አሉ። አንዱ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በለጋ ቅቤ እንድታሽ መከረኝ። የሄድሁበት ክሊኒክ ደግሞ ባለሙያው ካልሲዬን እንኳ ሳያስወልቅ «ነርቭ ነው» ብሎ ለአሥር ቀን የሚወጋ የቫይታሚን ቢ መርፌ ጻፈልኝ። «ነርቭ ነው» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ለብዙ ነገር መጠሪያ ሆኗል፤ ለሚወረን እግር፣ ለሚያቃጥለን ውስጥ እግር፣ ለወገብ ሕመም፣ ለድካምም ጭምር። ባለሙያው ያለው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥም ነርቭ ነበር። ነገር ግን የትኛው ነርቭ፣ በየት ቦታ ላይ፣ በምን ምክንያት ተጎዳ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተሰጠ ስም ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት ይዘጋዋል።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሀገራችን መርፌ ያልተወጋ ሰው የታከመ አይመስለውም፤ ሐኪሙም አንዳንድ ጊዜ ለታካሚው ደስታ ሲል ይወጋል። ነገር ግን ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራም የሆነው፣ ከወገብና ከዳሌ የሚነሣው ዋናው የእግር ነርቭ፣ የሚያልፈው በመቀመጫችን ውስጥ ነው። መርፌው ከመቀመጫው የላይኛውና የውጭኛው ሩብ ወጥቶ ወደ መሐል ወይም ወደ ታች ከተወጋ፣ ነርቩን በቀጥታ ሊመታው ወይም መድኃኒቱ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሥጋቸው ሳሳ ያለ ሕፃናትና ከሲታ ሰዎች ላይ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ለትኩሳት መርፌ ተወግቶ በማግሥቱ እግሩን መጎተት የጀመረ ሕፃን ብርድ አልመታውም። እኔ በዚያን ጊዜ ከሲታ ነበርሁ፤ ስድስት መርፌ ከተወጋሁ በኋላ አቋረጥሁት።

ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ሱሪዬን እስከ ጉልበት እንድሰበስብ፣ ሁለቱንም ካልሲ እንዳወልቅ ካዘዘች በኋላ፣ እግሬን ሳትነካ ለረጅም ጊዜ ጠየቀችኝ። ስኳር አለብኝ ወይ፤ አልኮል እጠጣለሁ ወይ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስጄ አውቃለሁ ወይ። የመጨረሻውን የጠየቀችው፣ ኢሶኒያዚድ የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ6 አሟጦ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ወድቄ ነበር ወይ፤ ጉልበቴ ላይ ፋሻ ወይም ጀሶ ታስሮልኝ ነበር ወይ፤ ከስቻለሁ ወይ። ከዚያም፣ «ይህ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት እንዴት ነበር የሚቀመጡት?» አለችኝ።

ጥያቄው ግራ ስላጋባኝ ዝም አልሁ። ኋላ ነገሩን ከመነሻው ተረክሁላት። በኅዳር ታይፎይድ ይዞኝ አንድ ወር ሙሉ ተኝቼ ነበር፤ ከአልጋ ስነሣ 13 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ለጥምቀት፣ አየር ልለውጥ ብዬ፣ ከወረታ ወደ ጣና ዳር ገባ ብሎ ወደሚገኘው የአክስቴ ቤት ሄድሁ። እነሱ መንደር ክረምቱ አልፎ የጣና ውኃ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚተወውን መሬት ባሕር ሸሽ ይሉታል፤ እርጥበቱን የያዘ ጥቁር መሬት ስለሆነ ሽምብራም፣ ጓያም፣ ሽንኩርትም ያበቅላል። የአክስቴ ሽንኩርት አረም ወርሶት ስላገኘሁት፣ ተቀምጦ ከመብላት ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ አብሬያት አረምሁ። የሽንኩርት አረም የሚታረመው ቆሞ አይደለም፤ ቁጢጥ ተብሎ፣ ባት ከጭን ጋር ተጣብቆ፣ በትልሙ ውስጥ እንደ ዳክዬ እየተንፏቀቁ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እግሬ እንደ ደነዘዘና ብድግ ብዬ ሳራግፈው እንደ ተወኝ ትዝ አለኝ። በሦስተኛው ቀን መደንዘዙን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ሐኪሟ ጣቷን ከጉልበቴ በታች፣ በውጭ በኩል፣ ትንሽ ጉብ ብላ በምትታየው አጥንት ላይ አሳረፈች። ይህን ቦታ ማንኛውም አንባቢ አሁኑኑ በጣቱ ሊያገኘው ይችላል። ከትልቁ የቅልጥም አጥንት ጎን ለጎን የሚወርድ ቀጭን አጥንት አለ፤ ጉብታው የእሱ ራስ ነው። ወደ እግራችን የፊትና የውጭ ጡንቻዎች የሚወርደው ነርቭ፣ ከዋናው የእግር ነርቭ ተነጥሎ ከጉልበት ኋላ ይመጣና፣ ልክ ከዚያ ጉብታ በታች በቀጭኑ አጥንት አንገት ላይ ተጠምጥሞ ወደ ፊት ይዞራል። በዚያ ቦታ ላይ በነርቩና በውጭው ዓለም መካከል ያለው ቆዳና ጥቂት ስብ ብቻ ነው። ከሥሩ አጥንት፣ ከላዩ ቆዳ። ሰው ሲከሳ ያቺ ጥቂት ስብ ትሄዳለች፤ ቁጢጥ ሲል ደግሞ ነርቩ ይወጠራል፤ በባትና በጭን ጡንቻዎችና በአጥንቱ መካከልም ይጨፈለቃል። ለነርቩ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ይታፈናሉ፤ ጫናው ሲረዝምም፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለ ላስቲክ ነርቩን የሚሸፍነው ሽፋን ይጎዳል። ከዚያ በላይ ከቆየ የውስጡ ክር ራሱ ይበጠሳል። እኔ ሁለቱን ምክንያቶች ደርቤ ነበር የሄድሁት፤ ክሳቱንና ቁጢጡን።

በዚያው ቦታ ላይ ሌሎች ብዙ ነገሮች ያንኑ ጉዳት ያደርሳሉ። እግርን በእግር ላይ አነባብሮ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ራሱን ስቶ ወይም ታሞ ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎን መተኛት፣ ጉልበት ላይ የጠበቀ ጀሶ፣ የአጥንቱ አንገት መሰበር፣ የጉልበት መውለቅ፣ አልፎ አልፎም ከመገጣጠሚያው የሚያብጥ ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው የቀርከሃ ማሠሪያም ከዚህ ይመደባል። የወጌሻን እጅ የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የታሠረ እግር ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ወደ ላይ አልነሣ ካሉ፣ ማሠሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ አይቆይም።

ምርመራው መሣሪያ የሚባል አልነበረውም ማለት ይቻላል። በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ እንድሄድ አዘዘችኝ፤ ሄድሁ። በተረከዜ ቆሜ እንድሄድ አዘዘችኝ፤ የቀኝ እግሬ ፊት ከመሬት አልነሣ አለ። ተቀምጬ እግሬን ወደ ውጭ እንዳዞር ስትጠይቀኝ አቃተኝ፤ ወደ ውስጥ እንዳዞር ስትጠይቀኝ ግን በእጇ እየገፋችኝ እንኳ አሸነፍኋት። እዚህ ላይ ፊቷ ፈካ። ምክንያቱን ያስረዳችኝ በኋላ ነው። እግርን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ከአከርካሪ በሚወጣ በአምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ይታዘዛሉ፤ ስለዚህ የወገብ ዲስክ ተንሸራትቶ ያንን ሥር ቢጫነውም እግር እንዲሁ ይወድቃል። ነገር ግን እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጡንቻ ከዚያው ሥር ተነሥቶ በሌላ መንገድ፣ በባት ኋላ በሚያልፈው ነርቭ በኩል ነው ትእዛዝ የሚቀበለው። ሁለቱም ከደከሙ ጥፋቱ ላይ፣ ወገብ ዘንድ ነው። ወደ ውስጥ የሚያዞረው ብርቱ ሆኖ የሚያነሣው ብቻ ከደከመ ግን ጥፋቱ ታች፣ ጉልበት ዘንድ ነው። በእጄ የነበረው፣ ከክሊኒኩ ታዝዤ የተነሣሁት የወገብ ራጅ ምንም ያላሳየው ለዚህ ነው፤ የተፈለገው ከቦታው ውጭ ነበርና።

ቀጥላ ጥጥ አምጥታ ዐይኔን እንድጨፍን አደረገች። ቅልጥሜ ከውጭ በኩል በታችኛው ክፍሉና የእግሬ የላይኛው ገጽ ድንዝዝ ብለዋል። በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለችው ጠባብ ቦታም ምንም አትሰማም። ውስጥ እግሬ ግን ደኅና ነው። ነርቩ ከአጥንቱ አንገት በታች ለሁለት ይከፈላል፤ ጥልቁ ቅርንጫፍ እግርንና ጣቶችን ያነሣል፣ ያቺን ጠባብ ቦታም ያሰማል፤ ላይኛው ቅርንጫፍ እግርን ወደ ውጭ ያዞራል፣ የቀረውንም ቆዳ ያሰማል። ሁለቱም ስለ ጠፉ ጉዳቱ ከመለያያው በላይ መሆን አለበት። በመጨረሻ ያንን የአጥንት አንገት በጣቷ ቀስ አድርጋ ቆረቆረችው፤ እስከ ጣቶቼ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ይህን ምልክት ፈረንሳዊው ሐኪም ጁል ቲኔል በ1915 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የቆሰሉ ወታደሮችን ነርቭ እየመረመረ እንደ ጻፈው ነገረችኝ።

እስከዚያ ድረስ ያልተናገርሁት ፍርሃት ነበረኝ። የእናቴ ወንድም ከደምቢያ ነው፤ በልጅነቴ በሁለት ከዘራ ሲሄድ አየው ነበር፤ ሰዎች «ጓያ ሰበረው» ይሉ ነበር። እኔም በዚያ ሳምንት አክስቴ ቤት የጓያ ሽሮ በልቼ፣ የጓያ ማሳም አቋርጬ ነበር። በሀገራችን በጓያ ማሳ መካከል ያለፈ፣ ወይም ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካው ሰው ይሰበራል የሚል እምነት አለ። ይህን ስነግራት ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን በመዶሻዋ መታ መታ አድርጋ አሳየችኝ። ጓያ የሚጎዳው ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወደ እግር የሚወርዱትን የትእዛዝ መሥመሮች ነው፤ ስለዚህ እግሩ ይደርቃል፣ ይወጠራል፣ ጉልበት ሲመታ ከልክ በላይ ይፈነጠራል፣ ሰውየው በሁለቱም እግሮቹ እንደ መቀስ እያጠላለፈ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል፤ ቆዳው ግን አይደነዝዝም። የእኔ እግር ደግሞ አንዱ ብቻ፣ የዛለና የደነዘዘ ነው። ጓያ የሚሰብረውም በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እንጂ በአንድ ሰሞን ሽሮ፣ በእንፋሎትም፣ በማሳም አይደለም። አጎቴ የተሰበረው ደግ ዘመን አጥቶ እንደ ነበር እናቴን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለ እሱ የነበረኝ ሐዘን በዚያች ክፍል ውስጥ ነው መልክ የያዘው።

ሐኪሟ ሁለቱንም ጉልበቶቼን ከውጭ በኩል በጣቷ እያነጻጸረች የዳሰሰችው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ስጠይቃት አልደበቀችኝም። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ስለሚመርጥ፣ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ይህንኑ ነርቭ ይወዳል፤ ነርቩም ያብጣል፣ እንደ ገመድ ወፍሮ በጣት ይዳሰሳል። ኖርዌያዊው ሐንሰን ተሕዋሱን ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በጥምር መድኃኒት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል። ቢሆንም ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ሰውም ስሙን ፈርቶ ስለሚሸሸግ፣ ነርቩ ከሞተ በኋላ የሚመጣው ታካሚ ብዙ ነው። ጀርባዬንና ክንዴን አየች፤ ስሜት ያጣ ነጣ ያለ ቆዳ አላገኘችም። የስኳር መጠኔም ተለካ፤ ደኅና ነበር። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ እንዲህ አንድ መሥመር ይዞ አይሄድም። ጎረቤታችን ያሉ እናት ጫማቸው ውስጥ የገባ ምስማር ሙሉ ቀን ሲወጋቸው ሳይሰማቸው የዋሉት በዚያ ምክንያት ነው።

ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ከደከሙ፣ ድካሙ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከተያዘ ወይም ካመለጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል። ይህን አጥብቃ ነገረችኝ፤ እኔም አጥብቄ አስተላልፋለሁ።

የነርቭ ፍጥነት መለኪያ ምርመራ እንዳደርግ ስለ ተጻፈልኝ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አዲስ አበባ ሄድሁ። ጉዳቱ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ካለፈው በኋላ እንድሄድ የተነገረኝ በከንቱ አልነበረም፤ የተበጠሰ የነርቭ ክር በጡንቻው ላይ የሚተወው ምልክት በመርፌ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ከአጥንቱ አንገት በታችና ከጉልበቴ በላይ ተራ በተራ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጡ፣ መልእክቱ ወደ እግሬ ጡንቻ የሚደርስበትን ጊዜ ለኩ። ጤናማ የታችኛው እግር ነርቭ በሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ይጓዛል። የእኔም ከአጥንቱ አንገት በታች ደኅና ይጓዝ ነበር፤ በአጥንቱ አንገት ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ወደቀ፤ የሚደርሰው መልእክትም አነሰ። ጡንቻዬ ውስጥ የገባው መርፌ የተበጠሰ ክር ምልክት ያሳየው በጥቂቱ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሴዶን በ1943 እ.ኤ.አ. የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ ሽፋኑ ብቻ የተጎዳ፣ ክሩ የተበጠሰ፣ ነርቩ በሙሉ የተቆረጠ። የእኔ አብዛኛው ከመጀመሪያው ደረጃ ነበር። ሽፋን በሳምንታትና በወራት ይጠገናል፤ የተበጠሰ ክር ግን በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ከጉልበት እስከ እግር ጣት ለመድረስ አንድ ዓመት ይፈጅበታል።

ሕክምናው በአብዛኛው መተው ነበር፤ ቁጢጥ ማለትን፣ እግር ማነባበርን መተው። እግሬ እንዳይወድቅ የሚይዝ የፕላስቲክ ደጋፊ ተሠራልኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ እንዳይደርቅም ጠዋትና ማታ አሳሳበው ነበር። በአራተኛው ወር በተረከዜ ቆምሁ። አውራ ጣቴ ብቻ እስካሁን እንደ ግራው ሙሉ በሙሉ አይነሣም።

በፋሲካ ማግሥት ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስተርክላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ የእኔማ እግር ከሞተ ስንት ዘመኑ!» አለችኝ። በሦስት ቀን እኔን የጣለኝን ሥራ እሷ ከልጅነቷ ጀምራ፣ ሽንኩርት ስታርም፣ ሩዝ ስታርም፣ ሽምብራ ስትነቅል ኖራለች፤ ቤት ስትገባም ምጣዱ ሥር ቁጢጥ ትላለች። ከጥጥ ፍሬዋ ላይ ቀንጨብ አድርጌ፣ ዐይኗን አስጨፍኜ በአውራ ጣቷና በሁለተኛው ጣቷ መካከል አስነካኋት። «ነካኸኝ?» አለችኝ፤ ከነካኋት ቆይቼ ነበር። በተረከዟ እንድትቆም ብጠይቃት በግራዋ ቆመች፤ ቀኟ ግን እንደ እኔው ወደቀ። ከስኳርና ከወገብ በቀር ማንም ስለ እግሯ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም መቀመጥን ከድካም ቆጥራ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሽንኩርቱ ተሸጦ እስኪያልቅ አስጠበቀችኝ። በግንቦት ባሕር ዳር አምጥቼ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሟ «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስትላት፣ አክስቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከወንበሩ ተነሣችና፣ በክፍሉ መካከል ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ «እንዲህ ነው የምቀመጠው» አለቻት።